እማዬን የምትወስዳት መርከብ የትኛዋ ናት? ስለ ቅንጡ ትንንሽ መርከቦች ማብራሪያ

እህቴ ከሚኒሶታ በቴሌግራም ሦስት ፋይል ላከችልኝ። ሦስቱም የመርከብ ጉዞ ዋጋ ናቸው። እማዬ 70 ዓመት ሊሞላት ነው። እህቴም ለዓመታት የቋጠረችውን ገንዘብ ፈትታ እናታችንን በግሪክ ደሴቶች መሀል ልታንሸራሽራት አስባለች። «ውሃ ዳር የምትኖረው አንተ ነህ፤ እስቲ እየውና የቱ እንደሚሻል ንገረኝ» አለችኝ።

ባሕር ዳር መኖር መርከብ አያስመርጥም። እኔ የማውቀው የጣናን ጀልባ ነው። ግን ነገሩ የእናቴ ነውና ቁጭ ብዬ አነበብኩ፣ የሚያውቁትን ጠየቅኩ፣ ሒሳቡን ሠራሁ። በዚያው ሰሞን ሁለት ጎረቤቶቼ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው መጡ፤ የእነሱም ልጆች ውጭ አገር ናቸው። ጣናነሽ ሁለት የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ሐይቃችን ከመጣች ወዲህ ደግሞ «ክሩዝ» የሚለው ቃል በየካፌው ይነሣል። ስለዚህ ያገኘሁትን በቀላል አማርኛ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። ክሩዝ ማለት ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ለመድረስ ብቻ የሚሳፈሩበት ጉዞ አይደለም። መርከቧ ራሷ ሆቴል ናት። ብዙውን ጊዜ ሌሊት ትጓዛለች፣ ጠዋት አዲስ ከተማ ደጃፍ ላይ ትደርሳለች። ሻንጣ የሚፈታው አንዴ ነው። በየቀኑ ሆቴል መቀየር ለሚያደክማት እናት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

«ትንሽ» ሲባል ስንት ሰው ነው?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ትንሽ መርከብ» የሚለው ቃል በማስታወቂያ ላይ ወሰን የለውም።

ትልልቆቹን እንይ። በ2024 ሥራ የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ሲያድር 5,610 መንገደኛ ትይዛለች። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ይሄ በአንድ መርከብ ላይ ያለ የከተማ ሕዝብ ነው።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የቫይኪንግ ድርጅት አብዛኞቹ የውቅያኖስ መርከቦች 930 ሰው ይይዛሉ፤ «ትንሽ» ይባላሉ። የሲልቨርሲዋ ሲልቨር ኖቫ 728 ትይዛለች፤ እሷም «ትንሽ» ናት። የሲቦርኗ ኢንኮር 600 ገደማ። የሪትዝ ካርልተኗ ኤቭሪማ 298። የዊንድስታር ባለ ሸራዎቹ ዊንድ ስታርና ዊንድ ስፒሪት 148። የሲድሪም ሁለት መርከቦች ደግሞ እያንዳንዳቸው 112 ብቻ።

በ112 እና በ930 መሀል ያለው ልዩነት ስምንት እጥፍ ነው። በአንደኛዋ ላይ በሦስተኛው ቀን አስተናጋጁ እማዬ ሻይዋን በቅርንፉድ እንደምትወድ ያውቃል። በሌላዋ ላይ ምግብ ቤቱ ብዙ ነው፣ ማታ ማታ የሚታይ ትርኢት አለ፣ ከሰው መሸሽም ይቻላል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን አንድ ነገር አይደሉም። ስለዚህ ማስታወቂያው «ትንሽ» ሲል ቁጥሩን ጠይቁ።

ቶን ማለት ክብደት አይደለም እንዴ?

እኔም እንደዛ ነበር የሚመስለኝ። ሰፈራችን ውስጥ የባሕር ምሕንድስና ተምሮ ጭነት መርከብ ላይ የሚሠራ ልጅ አለ። ለእረፍት መጥቶ ሳለ ወረቀቶቹን አሳየሁት። «ግሮስ ቶን» የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈና «ይሄ ክብደት አይደለም፤ መርከቧ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ልክ ነው። ቤት በስንት ካሬ እንደምትለው» አለኝ።

ከዚያ አንድ ቀላል ስሌት አስተማረኝ። ግሮስ ቶኑን ለመንገደኛው ቁጥር አካፍለው። የሚመጣው ቁጥር ለአንድ ሰው የሚደርሰውን ስፋት ይጠቁማል። ሲልቨር ኖቫ 54,700 ያህል ቶን ናት፤ ለ728 ሲካፈል 75 ይመጣል። አይከን 248,663 ቶን ናት፤ ለ5,610 ሲካፈል 44። ስለዚህ ሲልቨር ኖቫ ላይ መተላለፊያው ሰፊ ነው፣ ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ሰልፍ የለም ማለት ነው።

ግን ስሌቱ ብቻውን ያሳስታል። ሲድሪም 4,300 ያህል ቶን ናት፤ ለ112 ሲካፈል 38 ይመጣል። ከግዙፏ አይከን ያነሰ! ታዲያ ሲድሪም ጠባብና መጥፎ ናት ማለት ነው? አይደለም። ክፍሎቿ ባልኮኒ የላቸውም፣ ትልቅ አዳራሽ የለም። ግን 95 ሠራተኛ አላት፤ ለአንድ እንግዳ አንድ ሠራተኛ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ውጭ፣ አየር ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ስፋቱንና የሠራተኛውን ብዛት። ክፍሏ ውስጥ ብዙ የምትቀመጥ እናት ስፋቱ ያስፈልጋታል። ደጅ መዋል ለምትወድ ሁለተኛው ይበልጣል።

የሚገርመው፣ ሁለቱ የሲድሪም መርከቦች በ1984 እና በ1985 የተሠሩ ናቸው። ያኔ ስማቸው ሲ ጎደስ ነበር። ይሄን የትንሽ ቅንጡ መርከብ ነገር ካስለመዱት መሀል ናቸው፤ እስከ ዛሬም ይጓዛሉ። የመርከብ ዕድሜ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ አሮጌ መሆኗ ብቻ ግን ሊያስፈራ አይገባም።

ታዲያ ትንሽ መሆኗ ምን ይጠቅማል?

ይሄን ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ጣና ላይ ወደ ሠላሳ ሰባት ደሴት አለ ይባላል። ትልቁ የሐይቅ መርከብ ሰውና እህል ጭኖ ወደ ደቅ፣ ወደ ጎርጎራ ይሄዳል፤ መቆሚያው ግን የተወሰነ ነው። በየገዳሙ ዳርቻ ያለችው መውረጃ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ድንጋይ አትበልጥም። እዚያ የሚጠጋው ትንሿ ባለ ሞተር ጀልባ ናት። ደንገል በበዛበት ጥግ ደግሞ ከታንኳ በቀር የሚገባ የለም። መጠኑ ባነሰ ቁጥር የሚከፈተው በር ይበዛል።

ባሕር ላይም እንደዚያው ነው። አንዳንድ ቦታ በተፈጥሮ ይከለክላል፣ አንዳንዱ በሕግ። ቬኒስ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ከ25,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች በከተማዋ መሀል በሚያልፈው የጁዴካ ቦይ እንዳያልፉ ተከልክሏል። ጋላፓጎስ ደሴቶች ላይ አንድ መርከብ መያዝ የሚችለው ቢበዛ 100 መንገደኛ ነው። አንታርክቲካ ላይ ከ500 በላይ መንገደኛ የጫነች መርከብ ሰው አታወርድም፤ ያነሰችውም በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ የምታወርደው ከ100 አይበልጥም። እዚህ ላይ ስሌት አለ። 200 ሰው የጫነች መርከብ በሁለት ዙር ታወርዳለች። 450 የጫነች በአምስት ዙር። ገንዘቡን ከፍሎ አብዛኛውን ሰዓት ተራ መጠበቅ ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ሲልቨር ኖቫም ሲቦርን ኢንኮርም ከ25,000 ቶን በላይ ናቸው። «ትንሽ» ተብለው የጁዴካውን ሕግ አያልፉም።

ወደ ግሪክ ስመጣ ግን ነገሩ ለእኔ ሌላ መልክ ያዘ። ሁሉም ማስታወቂያ የሚያሳየው ሳንቶሪኒን ነው፤ ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት። ለእማዬ ፎቶውን አሳየኋት። «ያምራል» አለችና መልሳ ሰጠችኝ። ከዚያ የሌላዋን መርከብ የወደብ ዝርዝር ሳነብላት «ፓትሞስ» የሚል ደረሰኝ። ፓትሞስ ማለት ፍጥሞ ናት። «ወንጌላዊው ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ?» ብላ ተነሥታ ቆመች። በ1088 የተመሠረተው ገዳም እዚያው ተራራው ላይ አለ፤ ራእዩን አየበት የሚባለው ዋሻም ከሥሩ ነው። ሰው ይገባል፣ ይሳለማል።

አንዱ ፋይል ላይ ደግሞ የቆሮንቶስ ቦይ ነበር። ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ የመርከብ መንገድ ነው። ስፋቱ 25 ሜትር አይሞላም። ትልልቆቹ የማይታሰቡ ናቸው። ትንሿ መርከብ ስታልፍ ግድግዳው በግራና በቀኝ በጣም ቅርብ ነው።

እኔ ከዚህ ወዲህ ስለ እብነ በረድና ስለ ሻምፓኝ ማንበብ አቆምኩ። መርከብ ከመምረጥ በፊት ወደብ መምረጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የምትፈልጉትን ሦስት ቦታ ጻፉ። ከዚያ እዚያ የምትቆመዋን መርከብ ፈልጉ። ስንት ሰዓት እንደምትቆይም እዩ። ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት መቆምና እስከ ማታ አራት ሰዓት መቆየት በጣም ይለያያል።

ማዕበል ሲነሣስ?

ትንሽነት የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ መርከብ ከትልቅ ይልቅ ትናወጣለች። መርከቦቹ ጎንና ጎናቸው ላይ ከውሃው በታች ክንፍ የሚመስል ማረጋጊያ አላቸው። ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወዛወዙን ይቀንሳል። ከፊት ወደ ኋላ የሚመጣውን መነሣትና መውደቅ ግን ብዙም አያቆመውም።

እማዬ ባሕር አይታ አታውቅም። ስለዚህ እህቴ ቀብድ ከመክፈሏ በፊት እንሞክራት ብዬ ወደ ዘጌ ወሰድኳት። ጠዋት ጣና እንደ መስተዋት ነበር። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ተሳለመች፣ የዘጌን ቡና ጠጣች። ሆን ብዬ አዘገየሁና ከሰዓት በኋላ ተመለስን። ነፋሱ ተነሥቷል። ጣና ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ ሞገዱ አጭርና ድንገተኛ ነው። ጀልባዋ እንደ ኮረኮንች መንገድ ትመታ ጀመር።

እማዬ ከፊት ነበር የተቀመጠችው። ውሃው ነጠላዋን አረሰው። ባለ ጀልባው «እማማ፣ ወደ መሀል ይምጡ፤ መሀሉ አይነሣም» አላት። መጣች። ጤና አዳሟን አውጥታ እያሸተተች ዝም ብላ ተቀመጠች። አላቅለሸለሻትም።

ያ ባለ ጀልባ የተናገረው ለ700 ሰው መርከብም ይሠራል። ክፍል ስትመርጡ መሀል ላይ፣ ከታችኛው ፎቅ ይሁን። ፊትና ኋላ ይነሣል ይወድቃል። ላይኛው ፎቅ ይወዛወዛል። አውቶቡስ ላይ የኋላ ወንበር እንደሚያነጥረው ማለት ነው። ነገሩን ደስ የሚያሰኘው ደግሞ ታችኛውና መሀለኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ከላይኛው ይረክሳል።

ወቅቱንም አስቡ። ኤጅያን ባሕር ላይ በበጋቸው መሀል፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ መልተሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ ይበረታል። እንዲህ ያለ ቀን ትንሽ መርከብ አንድ ወደብ ትታ ልታልፍ ትችላለች። ውሉ ላይም ካፒቴኑ መንገድ መቀየር እንደሚችል ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ከመርከብ የሚወረደው እንዴት ነው?

ይሄን ማንም አይጠይቅም። ለአረጋዊ ሰው ግን ከሁሉ ይበልጣል። መርከቧ ወደቡ ላይ ተጠግታ ከታሰረች ሰው በድልድይ ይወርዳል። መጠጋት ካልቻለች መልህቅ ጥላ ራቅ ብላ ትቆማለች፤ ሰው በትንሽ ጀልባ ይመላለሳል። ይቺን ጀልባ «ቴንደር» ይሏታል። ሳንቶሪኒ ላይ የሚሆነው ይሄ ነው። ከወረዱ በኋላም ከተማው ገደል አናት ላይ ስለሆነ በገመድ ላይ በሚሄድ ፉርጎ ይወጣል፤ ሰው ሲበዛ ሰልፉ ረጅም ነው። አንታርክቲካና ጋላፓጎስ ላይ ደግሞ የሚወርዱት በላስቲክ ጀልባ ነው፤ አንዳንዴ እግር ውሃ ይነካል።

ዘጌ ላይ ያየሁት ይሄንን ነበር። ጀልባዋ ድንጋዩ ጋ ተጠግታ ከፍ ዝቅ ትላለች። እማዬ እግሯን አነሣች፣ መለሰች። ጉልበቷ እንደ ድሮ አይደለም። ባለ ጀልባው ክንዷን ከክርኗ ላይ ያዘና «ጀልባዋ ከፍ ስትል ይርገጡ፤ ዝቅ ስትል አይርገጡ» አላት። ሁለት ጊዜ ጠብቃ ተራመደች።

ስለዚህ ለእህቴ የጻፍኩላት የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነው፤ በየትኞቹ ወደቦች በድልድይ፣ በየትኞቹ በቴንደር ይወረዳል? ወኪሉ ዝርዝሩን ሰጣት። ከሦስቱ አንደኛው ጉዞ ግማሹ በቴንደር ነበር።

«ሁሉን ያካተተ» ምኑን ምኑን?

የእህቴ ሦስት ዋጋ ለሰባት ሌሊት፣ ለአንድ ሰው፣ እንዲህ ነበር፤ 3,900 ዶላር፣ 5,600 ዶላር፣ 6,800 ዶላር። መጀመሪያ ሲያዩት አንደኛው በጣም የረከሰ ይመስላል። ግን ያልተጻፈውን ጠየቅን። የሠራተኛ ጉርሻ በቀን 18፣ ለሰባት ቀን 126። የአራት ቀን ጉብኝት 480። ኢንተርኔት 150። የወደብ ግብር 300። ሲደመር 4,956 ሆነ። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ገብቷል። በመሀላቸው ያለው ልዩነት ከ2,900 ወደ 1,844 ወረደ። አሁንም አንደኛው ይረክሳል፤ ግን በመጀመሪያ እንደመሰለን አይደለም።

ሁለተኛውን ነገር ያየችው እህቴ ናት። «ሁሉን ያካተተ» ዋጋ ውስጥ ትልቁ ነገር መጠጥ ነው። እማዬ ደግሞ ከጠላ በቀር አትቀምስም፤ እሱም በበዓል። የማትጠጣው ወይን ለምን ይከፈልላታል? እኔ እንደማስበው ሁሉን ያካተተ ዋጋ የሚያዋጣው ማታ ማታ ወይን ለሚጠጣና በየወደቡ ጉብኝት ለሚወጣ ሰው ነው። ለሌላው ሒሳቡን ሠርቶ ማየት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋጋው «ለአንድ ሰው» ሲባል ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲጋራ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ጭማሪ ይጠየቃል፤ አንዳንዴ የሁለት ሰው ዋጋ ሙሉውን።

ድርጅቶቹስ በምን ይለያያሉ?

እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። ሪጀንት ሰቨን ሲስ የወደብ ጉብኝትን ጭምር ዋጋው ውስጥ በማስገባት ይታወቃል። ሲቦርን መጠጥና ጉርሻ ያካትታል፤ ጉብኝት ለብቻው ነው። ሲልቨርሲ በ1994 በአንድ የጣሊያን ቤተሰብ የተጀመረ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አሳላፊ ይመድባል። ፖናንት የፈረንሳይ ነው፤ ምግቡም ቋንቋውም ፈረንሳይኛ ፈረንሳይኛ ይላል። ዋልታ አካባቢ በረዶ እየሰበረች የምትሄድ ለ ኮማንዳን ሻርኮ የምትባል መርከብ አለችው። ዊንድስታር ቀለል ያለ ነው፤ ማታ ክራባት የሚጠይቅ የለም፣ ሸራው ሲዘረጋ ማየት ብቻ ያስደስታል። መነሻ ዋጋው ግን ብዙ ነገር አያካትትም። ቫይኪንግ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይወስድም፣ ካዚኖ የለውም፣ በየወደቡ አንድ ጉብኝት በነጻ አለ። የልጅ ልጆቹን ይዞ መሄድ ለሚያስብ ቫይኪንግ ከመጀመሪያው ወጣ ማለት ነው።

ከስሙ ጀርባ ያለውን ባለቤት ማወቅም አይከፋም። ሲልቨርሲ ዛሬ የሮያል ካሪቢያን ነው፣ ሲቦርን የካርኒቫል፣ ሪጀንት የኖርዌጂያን፣ ኤክስፕሎራ የኤምኤስሲ። ትልቅ ባለቤት ማለት አንድ መርከብ ብትበላሽ ሌላ የሚፈለግበት አቅም አለ ማለት ነው። ትንሽ ድርጅት ደግሞ ስልኩን የሚያነሣው ሰው ያውቃችኋል።

ጾምን በተመለከተ አጭር ነው። «ጾም ነኝ» ብትሉ አይገባቸውም፤ «ቪጋን» በሉ። ዓሣም የማይበላ ከሆነ ለይታችሁ ጻፉ። ይሄ ጉዞው ከመነሣቱ ሳምንታት በፊት በጽሑፍ ይላክ። ትንሽ መርከብ ላይ ይሄ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል፤ ሼፉ ራሱ መጥቶ ያነጋግራል። እማዬ ግን በፍልሰታ አልሄድም አለች። ጉዞው ወደ መስከረም ተዛወረ። የመልተሚ ነፋስም በዚያ ሰሞን እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ አላዘንኩም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላላት እናትስ?

እህቴ የአሜሪካ ፓስፖርት አላት። ለእሷ መርከብ መምረጥ ማለት ክፍልና ዋጋ ነው። ለእማዬ ግን ቪዛ ነው። ይሄን የሚያስረዳ ማስታወቂያ አላየሁም፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ግሪክ የሸንገን አገር ናት፤ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች አንዷ ማለት ነው። የሸንገን ቪዛ አንድ ጊዜ መግቢያ ወይም ብዙ ጊዜ መግቢያ ሊሆን ይችላል። አሁን አንድ መርከብ ከአቴና ተነሥታ ወደ ቱርክ ወደብ ወደ ኩሻዳሲ ሄዳ ወደ ሮድስ ብትመለስ፣ እማዬ ከሸንገን ወጥታ እንደገና ገባች ማለት ነው። አንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ቪዛው ያኔ አልቋል። ከዚያ በተጨማሪ የቱርክ ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ ራሱን ችሎ መጠየቅ አለበት። ወረቀቱ ያልተሟላለትን መንገደኛ መርከቧ ከመነሻው አታሳፍርም። ገንዘቡም አይመለስም።

ለእኛ ይሄ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ኩሻዳሲ ማለት የኤፌሶን ወደብ ነው። ጳውሎስ መልእክቱን የጻፈላት ኤፌሶን። እማዬ ፍጥሞንም ኤፌሶንንም ፈለገች። ሁለቱን የሚያገናኝ ጉዞ ነበረ። ግን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ይፈልጋል፤ የቱርክም ጥያቄ አለበት። ተነጋግረን ከአቴና ተነሥቶ ወደ አቴና የሚመለስ፣ ግሪክን ብቻ የሚያካልል፣ ፍጥሞ ያለበትን መረጥን። ኤፌሶን ቀረ። እማዬ አንድ ቀን ሙሉ ዝም አለች፤ ከዚያ «ፍጥሞ ትበቃለች» አለች።

የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው እስከ 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ፓስፖርቱ ከጉዞው መመለሻ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ቀጠሮው አዲስ አበባ ነው፤ ከባሕር ዳር ለሚሄድ የአውሮፕላኑና የማደሪያው ወጪም ይታሰብ።

ገንዘቡ መቼ ይከፈላል? ድርጅቱ ቢዘጋስ?

መጀመሪያ ቀብድ ይከፈላል። ቀሪው ብዙ ጊዜ ከጉዞው 3 ወይም 4 ወር ቀደም ብሎ ይጠየቃል። ከዚያ ቀን በኋላ መሰረዝ ውድ ነው። አሁን ሁለቱን ቀኖች አገናኙ። ቪዛው በመጋቢት ከገባ መልሱ ቀሪው ክፍያ ከመድረሱ በፊት ይመጣል። በግንቦት ከገባ ግን ሙሉ ገንዘብ ተከፍሎ «ተከልክሏል» ሊባል ይችላል። እህቴን በጣም ያስጨነቃት ይሄ ነበር። ስለዚህ ቀብዱ ተመላሽ የሚሆንበትን ዋጋ መረጠች፤ ትንሽ ይወደዳል።

ድርጅት ይዘጋል ወይ? ይዘጋል። ክሪስታል በዚህ ዘርፍ ከሁሉ የተከበረ ስም ነበር። በጥር 2022 የሆንግ ኮንጉ ባለቤቱ ኪሳራ ውስጥ ገባ። ክሪስታል ሲምፎኒ የምትባለው መርከቡ ማያሚ ላይ እንዳትያዝ መንገዷን ወደ ባሃማስ ቀየረች። ብዙም ሳይቆይ እሷም እህቷ ሴረኒቲም እዚያው ባሃማስ ላይ በዕዳ ተያዙ። አስቀድመው የከፈሉ መንገደኞች ገንዘባቸውን ለማግኘት መከራቸውን አዩ። በኋላ መርከቦቹን ሌላ ኩባንያ ገዛቸውና በ2023 እንደገና ሥራ ጀመሩ።

ስለዚህ ክፍያው በክሬዲት ካርድ ቢሆን ይሻላል፤ አገልግሎቱ ካልተሰጠ ባንኩን መጠየቅ ይቻላል። ኢንሹራንስ ሲገዛም «ድርጅቱ ቢከስር ይሸፍናል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። ኢንሹራንሱን ከመርከብ ድርጅቱ ራሱ ከመግዛት ከሌላ መግዛት ለእኔ ይበልጣል። ቤቱ ሲቃጠል አብሮ የሚቃጠል ውሃ ምን ያደርጋል?

እህቴ ቀብዱን ከፍላለች። ክፍሉ ከታችኛው ፎቅ፣ መሀል ላይ ነው። ከሰባቱ ወደቦች በቴንደር የሚወረደው ሁለቱ ላይ ብቻ ነው። ማመልከቻው በመጋቢት ይገባል። እስከዚያ እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ጋር በጀልባ ወደ ደብረ ማርያም ትሻገራለች። አሁን ክንዷን የሚይዛት ሰው አትጠብቅም፤ ጀልባዋ ከፍ እስክትል ብቻ ነው የምትጠብቀው።